ጠርሙሱ ሲያዝ ጉቦው አለፈ፦ የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናትና የመጠጥ እገዳው ሕግ

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ታሪክ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በአሜሪካ የሆነ ነው። በታሪኩ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዙት ሜቶዲስቶች፣ ባፕቲስቶችና ፕሬስቢቴሪያኖች ናቸው። ጸሎታቸውና ስብከታቸው የእኛን ይመስላል፤ ስለ መጠጥ የነበራቸው አቋምም ከብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናቶቻችን አቋም የተለየ አልነበረም። ስለዚህ ታሪካቸውን የምናነበው የቤተሰብ ታሪክ እንደምናነብ ሆነን ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ሂልስቦሮ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1873 በገና ዋዜማ ማለዳ 70 የሚያህሉ ሴቶች በከተማዋ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ጸለዩ። መሪ እንዲሆኗቸው የመረጧቸው ወይዘሮ ኤላይዛ ቶምፕሰን የዳኛ ሚስት ናቸው፤ ልጃቸው በመጠጥ ሱስ ተጎድቶ ሞቶባቸዋል። በዚያ ጠዋት የተነበበው መዝሙር 146 ነበር። ከጸሎቱ በኋላ ሁለት ሁለት ሆነው እየዘመሩ ወጡና ወደ መጠጥ ቤቶቹ ሄዱ። ባለቤቱ ቢያስገባቸው ወለሉ ላይ፣ ባያስገባቸው ደጁ ላይ በብርዱ ተንበርክከው ጸለዩ፤ መሸጡንም እንዲተው ለመኑት። እንቅስቃሴው በጥቂት ወራት ውስጥ ከኦሃዮ አልፎ ብዙ ከተሞችን አዳረሰ።

እነዚህን ሴቶች ለመረዳት የዘመኑን ኑሮ ማሰብ ያስፈልጋል። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገምቱት በ1830 አካባቢ አንድ አዋቂ አሜሪካዊ በዓመት የሚጠጣው አልኮል ዛሬ ከሚጠጣው ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ መጠኑ ቢቀንስም መጠጥ ቤቶቹ በየመንገዱ ተስፋፉ። ባል ደመወዙን ተቀብሎ በመጠጥ ቤቱ በኩል ያልፋል፤ ቤት ሲደርስ ገንዘቡ የለም። ሚስት የመምረጥ መብት የላትም፤ ባሏ ቢደበድባት የምትከስበት ፍርድ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በሂልስቦሮ በረዶ ላይ የተንበረከኩት ሴቶች የጸለዩት ስለዚህ ኑሮ ነበር።

መዝሙር 146ን ከፍታችሁ ብታነቡት መልካም ነው። በአለቆች መታመን ከንቱ መሆኑን ይናገራል፤ ቀጥሎ እግዚአብሔር ለተበደሉት የሚፈርድ፣ የተራቡትን የሚመግብ፣ የታሰሩትን የሚፈታ፣ ድሀ አደጉንና ባልቴቲቱን የሚደግፍ መሆኑን ይዘረዝራል። ስለ መጠጥ አንድም ቃል የለበትም። ሴቶቹ ወደ መጠጥ ቤት ሲሄዱ ይዘውት የሄዱት መዝሙር ግን ይህ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1874፣ በዚያው በኦሃዮ በክሊቭላንድ ከተማ የክርስቲያን ሴቶች ከመጠጥ የመታቀብ ኅብረት ተመሠረተ። ከ1879 አንሥቶ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1898 የመሩት የሜቶዲስት አማኟ ፍራንሲስ ዊላርድ ናቸው። ዊላርድ ማኅበሩን በሁሉም ነገር እንዲገባ አደረጉት። የታሰሩ ሴቶችን የሚጠብቁ ሴት ጠባቂዎች እንዲመደቡ፣ የሥራ ቀን በስምንት ሰዓት እንዲወሰን፣ ለድሃ ልጆች መዋዕለ ሕፃናት እንዲከፈት፣ ሴቶች እንዲመርጡ ታገሉ። በ1880ዎቹ በብዙ ክፍለ ግዛቶች አንዲት ልጅ ለግብረ ሥጋ ግንኙነት ፈቅዳለች ተብሎ በሕግ የሚታሰብባት ዕድሜ 10 ወይም 12 ነበር፤ በዴላዌር 7 ነበር። የኅብረቱ ሴቶች ፊርማ አሰባስበው ይህ ዕድሜ ከፍ እንዲል ምክር ቤቶችን ወጥረው ያዙ። ዊላርድ በመጨረሻ ዘመናቸው ድህነት የሚመጣው ከመጠጥ ብቻ እንዳልሆነ፣ መጠጥም ከድህነት እንደሚመጣ በግልጽ ይናገሩ ነበር። ይህን የተናገሩት በሺህ የሚቆጠሩ መጠጥ ጠላቶችን በሚመሩበት ወንበር ላይ ተቀምጠው መሆኑን ልብ በሉ።

እኚህ ሴት ቅድስት አልነበሩም። ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የተናገሩት ነገር ጥቁሮችን በስቅላት የሚገድሉትን ነጮች የሚያበረታታ ነው ብላ ጋዜጠኛዋ አይዳ ዌልስ እስከ እንግሊዝ አገር ድረስ ሄዳ ወቅሳቸዋለች፤ ወቀሳው ተገቢ ነበር። ያም ሆኖ በእሳቸው ዘመን የመጠጥ ጥያቄ ከእንጀራ፣ ከደመወዝና ከሕፃናት ጥያቄ አልተነጠለም።

የተነጠለው በ1893 ነው። በኦሃዮ፣ በኦበርሊን ከተማ፣ ሃዋርድ ራስል የተባሉ የኮንግሪጌሽናል አገልጋይ ፀረ ሳሉን ሊግ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። “ሳሉን” ማለት መጠጥ ቤት ነው። ሊጉ ገንዘቡንም ሰዉንም ያገኝ የነበረው ከአብያተ ክርስቲያናት ነው፤ እሑድ እሑድ ተናጋሪዎቹ መድረክ ይሰጣቸዋል፣ የድጋፍ ቃል መግቢያ ካርድ ይታደላል። የሊጉ አእምሮ ግን ዌይን ዊለር የተባለ የኦበርሊን ተማሪ፣ በኋላ ጠበቃ፣ ነበር። የዊለር ስልት አጭር ነው፦ ለማንኛውም ዕጩ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ፣ እሱም መጠጥን በሚከለክለው ሕግ ላይ ድምፁን እንዴት ይሰጣል የሚለው ነው። ዕጩው ራሱ ቢጠጣ አይጠየቅም። ጉቦ ቢበላ፣ ሠራተኛ ቢበድል እሱም የሊጉ ጉዳይ አይደለም። በ1905 የኦሃዮ ገዥ የነበሩት ማይረን ሄሪክ በአንድ የመጠጥ ሕግ ላይ ስላለዘቡ ሊጉ ዘምቶባቸው ከወንበራቸው አወረዳቸው። ከዚያ በኋላ ፖለቲከኛ ሁሉ የዊለርን ጥያቄ በቃሉ አጠና።

ኢሳይያስ ምዕራፍ 5 ላይ አንድ ነገር አለ። ነቢዩ ጠጅ ለመጠጣት ኃያላን በሆኑት ላይ ወዮታውን ያሰማል፤ ትንፋሽ ሳይወስድ ደግሞ ጉቦ ተቀብለው በደለኛውን ነጻ የሚያወጡትን ይጨምራል። ሰዎቹ ያው አንድ ናቸው፤ በቁጥር 22 የጀመረው ዐረፍተ ነገር የሚያልቀው በቁጥር 23 ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ በቁጥር 8 ቤትን ከቤት፣ መሬትን ከመሬት እየቀጠሉ ድሃውን ስፍራ የሚያሳጡት ተወቅሰዋል። የዊለር ስልት ቁጥር 22ን ከቁጥር 23 የቀደደ ነበር ብንል አናጋንንም።

ሊጉ ተሳካለት። በ1913 የፌዴራል የገቢ ግብር በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲፈቀድ መንግሥት ያለ መጠጥ ቀረጥ መኖር እንደሚችል ታየ። ቀጥሎ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ የቢራ ጠማቂዎቹ ብዙዎቹ ጀርመን ስም ያላቸው ነበሩና ሕዝቡ ጠላቸው። በ1917 መጨረሻ ኮንግረስ ያጸደቀው 18ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በጃንዋሪ 1919 በሚፈለገው የክፍለ ግዛት ቁጥር ጸደቀ፤ ጃንዋሪ 17 ቀን 1920 ሥራ ላይ ዋለ። በዋዜማው በቨርጂኒያ፣ በኖርፎክ ከተማ፣ ዝነኛው ወንጌላዊ ቢሊ ሳንደይ በ10,000 ያህል ሕዝብ ፊት ለመጠጥ የቀብር ሥነ ሥርዓት አደረጉለት፤ ስድስት ሜትር የሚሆን የሬሳ ሣጥን ቀርቦ ነበር። ከእንግዲህ የድሆች ሰፈር ትዝታ ብቻ እንደሚሆን፣ ወህኒ ቤቶችም ወደ ፋብሪካነት እንደሚለወጡ ሰበኩ። ሕዝቡም አሜን አለ። በዚያች ማታ ብንኖር እኛም አሜን ማለታችን አይቀርም።

ሕጉ የከለከለው ማምረትን፣ መሸጥንና ማጓጓዝን ነው። መጠጣትን አልከለከለም። ገንዘብ ያለው ሰው ከእገዳው በፊት ምድር ቤቱን በሳጥን በሳጥን ሞልቶ ዓመታት ጠጣ፤ ሠራተኛው ግን የሰፈሩ መጠጥ ቤት ተዘጋበት። ለሕክምናና ለቅዱስ ቁርባን የሚሆን መጠጥ ስለ ተፈቀደ የሐኪም ማዘዣ ንግድ ሆነ፤ የሃይማኖት አባት ነን የሚሉ ሐሰተኞችም በወይን ጠጅ ፈቃድ ነገዱ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የተቆጣጣሪዎቹ ጉዳይ ነው። ለዚያ ሰፊ አገር በመጀመሪያ የተመደቡት የፌዴራል ተቆጣጣሪዎች 1,500 ያህል ናቸው። እነዚህ ሰዎች እንደ ሌላው የመንግሥት ሠራተኛ በውድድርና በፈተና እንዲቀጠሩ ሕጉ አላስገደደም፤ የምክር ቤት አባላት የራሳቸውን ሰዎች ማስቀጠር ይፈልጉ ነበር፣ ሊጉም የእነሱን ድምፅ ስለሚፈልግ ተስማማ። ደመወዙ ትንሽ፣ በሩ ላይ የሚጠብቀው ገንዘብ ብዙ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከ1,500 በላይ ተቆጣጣሪዎች በጥፋት ተባረሩ፤ ይህ የታወቀባቸው ብቻ ነው። በ1927 ፈተናው ግዴታ ሲሆን በሥራ ላይ ከነበሩት ብዙዎቹ ወደቁ። እገዳውን የሚመለከቱ ክሶችን ከ1921 እስከ 1929 የመሩት ሜብል ዊለብራንት ሥራቸውን ከለቀቁ በኋላ የፖለቲከኞች ጣልቃ ገብነት እንዴት እጃቸውን ይይዝ እንደ ነበር ጽፈዋል።

ስለ አል ካፖን ብዙ ስለ ተጻፈ እናልፈዋለን። ይልቅ ጆርጅ ሬመስን እንመልከት። ሬመስ በኦሃዮ፣ በሲንሲናቲ የነበረ ጠበቃና የቀድሞ ፋርማሲስት ነው። ሕጉን ቁጭ ብሎ አነበበና የመድኃኒት ድርጅቶችንና የአረቄ ፋብሪካዎችን ገዛ፤ ከመንግሥት በሚያገኘው ፈቃድ መጠጡን ለመድኃኒት ብሎ ያወጣል፣ ከዚያ በየመንገዱ “ይዘረፋል”፤ ዘራፊዎቹ የራሱ ሰዎች ናቸው። በ1924 ለሴኔት ኮሚቴ በሰጠው ምስክርነት ጄስ ስሚዝ ለተባለ ሰው ከ250,000 ዶላር በላይ መስጠቱን ተናገረ። ስሚዝ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የሃሪ ዶኸርቲ የቅርብ ሰው ነበር፤ የመንግሥት ሹመት ሳይኖረው በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ቢሮ ነበረው። በ1923 ራሱን አጥፍቶ ተገኘ።

ዶኸርቲን የሾሙት ፕሬዚዳንት ዋረን ሃርዲንግ ናቸው፤ የኦሃዮ ሰው። ሃርዲንግ ሴናተር ሳሉ ለእገዳው ድምፅ ሰጥተዋል፤ በሊጉ መዝገብ ጥሩ ሰው ናቸው። ፕሬዚዳንት ሆነው በኋይት ሐውስ ለካርታ ጓደኞቻቸው ውስኪ ያስቀርቡ ነበር። ውስኪው ይቅር። በእሳቸው ጊዜ የጦር ጉዳተኞችን ቢሮ የሚመራው ቻርልስ ፎርብስ ለቁስለኛ ወታደሮች ሆስፒታል በተመደበው ገንዘብና ዕቃ ነግዶ ታሰረ። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ አልበርት ፎል የባሕር ኃይሉን የነዳጅ ይዞታ ለነጋዴ አከራይቶ 100,000 ዶላር ጉቦ በመቀበል በ1929 ተፈረደበት፤ በሥልጣኑ በሠራው ወንጀል ወህኒ የወረደ የመጀመሪያው የአሜሪካ ሚኒስትር ነው። በሊጉ ሚዛን ላይ የእነዚህ ወንጀሎች ማስቀመጫ አልነበረም። በዚያው ዘመን በምክር ቤቱ ሕንጻ ውስጥ አረንጓዴ ቆብ የሚያደርግ ጆርጅ ካሲዲ የተባለ ሰው ለሕግ አውጪዎቹ መጠጥ ያመላልስ ነበር። በ1930 በጋዜጣ ታሪኩን ሲጽፍ ከአምስት የምክር ቤት አባላት አራቱ ይጠጡ እንደ ነበር ገለጸ።

ይህን ስናነብ ወደ ራሳችን ጉባኤዎች ማየታችን አይቀርም። በብዙ አጥቢያዎች አንድ ወንድም በቢራ ጠርሙስ አጠገብ ታየ ከተባለ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ ያው ወንድም በመሥሪያ ቤቱ በጨረታ ኮሚቴ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ግን የሚጠይቀው የለም። ደመወዙ የታወቀ ሰው ሁለተኛ ፎቅ ሲሠራ “ጌታ ባረከው” ይባላል። መጠጥን መተዋችን መልካም ነው፤ ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጅ ሰዎችም አንጠጣም። ግን አፍን ማሽተት ቀላል ነው፣ ሒሳብን መመርመር ከባድ ነው፤ አሜሪካኖቹም ቀላሉን መረጡ።

በኢንዲያና የሆነው ደግሞ ከዚህ ይከፋል። በ1920ዎቹ ኩ ክላክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ማኅበር የመጠጥ ሕግ አስከባሪ ነኝ እያለ ገነነ። ነጭ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች በአምልኮ መካከል ገብተው ለፓስተሩ በፖስታ ገንዘብ ሰጥተው ይወጡ ነበር፤ ብዙ ጉባኤ አጨበጨበ። የማኅበሩ አለቃ ዴቪድ ስቲቨንሰን የፕሮቴስታንት ሴቶች ክብር ጠባቂ ነኝ ባይ ነበር። በ1925 ሰክሮ አንዲት ወጣት ሴት ጠልፎ ደፈረ፤ ሴቲቱ መርዝ ጠጥታ ከመሞቷ በፊት ቃሏን ሰጠች፣ እሱም በነፍስ ግድያ ተፈረደበት። ያስመረጣቸው ገዥ ኤድ ጃክሰን ይቅርታ ሳያደርጉለት ሲቀሩ የጉቦ ሰነዶቹን አወጣ። ገዥው ተከሰሱ፤ ያመለጡት የክሱ ጊዜ በይርጋ በማለፉ ነው። የኢንዲያናፖሊስ ከንቲባ ታሰረ። ኢንዲያና በዚያው በ1925 ከአገሪቱ ጥብቅ ከሆኑት የመጠጥ ሕጎች አንዱን ያወጣች ክፍለ ግዛት ናት።

ሕጉ ድሃው ላይ እንዴት እንዳረፈ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ለፋብሪካ የሚውለው አልኮል እንዳይጠጣ መንግሥት መርዝ ያስጨምርበት ነበር፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ መጠኑን ከፍ አደረገው። በ1926 ገና በኒውዮርክ ብዙ ሰዎች ሞቱ። የከተማዋ የአስከሬን መርማሪ ሐኪም ቻርልስ ኖሪስ የሚሞቱት ጥሩ መጠጥ መግዛት የማይችሉ ድሆች ናቸው ብለው ጮኹ። ዊለር የመለሰው የጠጡት ሰዎች ራሳቸውን ገዳዮች ናቸው የሚል ነበር። በ1930 ደግሞ ድሆች የሚጠጡት “ጄክ” የተባለ የዝንጅብል አረቄ በኬሚካል ተበክሎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆነ። በሚሺጋን በ1928 መጨረሻ አንዲት የ10 ልጆች እናት ጥቂት አረቄ በመሸጥ አራተኛ ጥፋቷ ስለ ሆነ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት፤ ኋላ ቅጣቱ ተቀነሰላት። የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የሥነ ምግባር ቦርድ ዋና ጸሐፊ ስለ ፍርዱ ሲጠየቁ የሚቆጫቸው ሴትዮዋ ልጆቹን ከመውለዷ በፊት አለመታሰሯ እንደ ሆነ ተናገሩ። በሂልስቦሮ ለእናቶች ብሎ የተነሣው እንቅስቃሴ በ55 ዓመት ውስጥ እዚህ ደረሰ።

እውነቱ ሁሉ ይነገር ከተባለ ሕጉ ያስገኘው ጥቅምም ነበር። በእገዳው መጀመሪያ ዓመታት የሚጠጣው መጠን በእጅጉ ወረደ፤ በጉበት በሽታ የሚሞተው ሰው ቀነሰ። ደመወዛቸው ወደ ቤት የገባላቸው ሴቶች ነበሩ። “እገዳው ምንም አልፈየደም” የሚለው ወሬ ልክ አይደለም፤ ያልፈየደው ቢሊ ሳንደይ ያሉትን ነው።

በ1928 የፕሬዚዳንት ምርጫ ሆነ። ከዕጩዎቹ አንዱ የኒውዮርክ ገዥ አል ስሚዝ፣ ካቶሊክና የእገዳው ተቃዋሚ፣ ነበሩ። ማርች 25 ቀን 1911 በኒውዮርክ በትራያንግል የልብስ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ በር ተቆልፎባቸው 146 ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች፣ አልቀው ነበር። ከዚያ በኋላ በተቋቋመው የፋብሪካ መርማሪ ኮሚሽን ምክትል ሊቀ መንበር ሆነው በየፋብሪካው እየዞሩ የእሳት መውጫን፣ የሥራ ሰዓትንና የሕፃናት ሥራን የሚመለከቱ በርካታ ሕጎች እንዲወጡ ያደረጉት እኚሁ ስሚዝ ናቸው። ፍራንሲስ ዊላርድ ይህን መዝገብ ቢያዩ ብዙውን የራሳቸው ጉዳይ አድርገው ይቀበሉት ነበር ብለን እናስባለን። የደቡቡ ሜቶዲስት ጳጳስ ጀምስ ካነን ግን አብያተ ክርስቲያናትን በስሚዝ ላይ አዘመቱ፤ አንዳንድ የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ሳይቀሩ ፊታቸውን አዞሩባቸው። ተመራጩ ኸርበርት ሁቨር የግል ንጽሕና ያላቸው ሰው ስለ ነበሩ በምርጫው የተሸነፈው ጥሩ ሰው፣ ያሸነፈው ክፉ ሰው ነው ለማለት አይደለም። የስሚዝ የፋብሪካ ሕጎች ግን በብዙ ስብከቶች ውስጥ ከአንድ ብርጭቆ ያነሰ ክብደት ነበራቸው። በሚቀጥለው ዓመት ጳጳስ ካነን ራሳቸው በአክሲዮን ቁማር መጫወታቸው በጋዜጣ ወጣ፤ በምርጫ ገንዘብ አያያዝም ተከሰው በ1934 ፍርድ ቤት በነጻ ለቀቃቸው።

እገዳው ዲሴምበር 5 ቀን 1933 ተሻረ። የመጨረሻውን አስፈላጊ ድምፅ የሰጠችው ዩታ ናት፤ አብዛኛው ሕዝቧ በሃይማኖቱ ምክንያት የማይጠጣባት ክፍለ ግዛት።

ከዚያ ዓመት ተኩል ሳይሞላ፣ ዳግመኛ በኦሃዮ፣ በሜይ 1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ ነጋዴ በአክረን ከተማ ሆቴል ውስጥ ብቻውን ቆሞ ነበር። የብዙ ዓመት ሰካራም የነበረ፣ መጠጥ ከተወ ጥቂት ወራት የሆነው ሰው ነው። ንግዱ ከስሮበት የሆቴሉ መጠጥ ቤት እየጠራው ሳለ ስልክ አንሥቶ ለከተማው ፓስተር ደወለ፤ የሚያናግረው ሌላ ሰካራም እንደሚፈልግ ነገረው። በዚህ ሰበብ ቦብ ስሚዝ ከተባለ ሱሰኛ የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር ተገናኙ። ሁለቱም ኦክስፎርድ ግሩፕ በተባለው የክርስቲያን ንቅናቄ የቤት ለቤት ጸሎት የሚካፈሉ ነበሩ። ሐኪሙ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው ጁን 10 ቀን ነው፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሱሰኞች መረዳጃ ጉባኤዎች የሚያካሂደው ማኅበር የልደቱን ቀን የሚቆጥረው ከዚያ ነው። በዚያው ወር ሁለቱ ወደ ከተማው ሆስፒታል ደውለው ሌላ ሰካራም ካለ ጠየቁ። ነርሷ አንድ ጠበቃ አለ አለቻቸው፤ ነርሶችን ስለ ደበደበ አልጋው ላይ ታስሯል። ገብተው አልጋው አጠገብ ተቀመጡና የራሳቸውን ታሪክ ይነግሩት ጀመር።